ብቻዬን ልቀጥል ወይስ አነስተኛ የድረ ገጽ ስቱዲዮ ልክፈት?

ጥያቄ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ላለፉት ስድስት ዓመታት ድረ ገጽ እየሠራሁ ብቻዬን ስተዳደር ቆይቻለሁ። ንድፉን የማወጣው፣ ኮዱን የምጽፈው፣ ከደንበኛ ጋር የምደራደረውም ሆነ የክፍያ መጠየቂያውን የምልከው እኔው ነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ሥራ ፍለጋ ስባዝን አሳለፍኩ፤ አሁን ግን ነገሩ ተገልብጦ ከሚመጣልኝ ሥራ ግማሹን እንኳ መቀበል አቅቶኛል። ባለፉት አራት ወራት ብቻ አምስት ሥራዎችን መልሻለሁ፤ ሁለቱን ያመጡልኝ ለዓመታት አብረውኝ የቆዩ ደንበኞች በመሆናቸው እምቢ ማለቱ በጣም ከብዶኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ አንድ ነባር ደንበኛዬ ትልቅ ሥራ ይዞ መጣ። የሚፈልገው ስድስት ቅርንጫፎቹን የሚያገናኝ፣ ተገልጋዮቹ ቀጠሮ የሚይዙበትና ክፍያ የሚፈጽሙበት ሥርዓት ነው። በእኔ ግምት ሥራው ለአንድ ሰው አሥር ወር ይፈጃል፤ እሱ ግን በአምስት ወር እንዲያልቅለት ይፈልጋል፤ «ሰው ቅጠርና ሥራው ያንተ ነው» ብሎኛል።

የሚያውቁኝ ሁሉ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» እያሉ ስቱዲዮ እንድከፍት ይመክሩኛል። እኔ ግን ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። ጠዋት ተነሥቼ ማንም ሳያቋርጠኝ ለአራት ሰዓታት ኮድ መጻፍ በሥራዬ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ነገር ነው፤ ሰው ከቀጠርኩ ያ ጠዋት እንዳይወሰድብኝ እፈራለሁ። በሌላ በኩል ባለፈው ዓመት ለሦስት ሳምንታት ታምሜ በተኛሁ ጊዜ የአንድ ደንበኛዬ ሰርቨር (ድረ ገጹ ያለበት ኮምፒውተር) ቆሞ የሚያስነሣው ሰው አልነበረም፤ አልጋ ላይ ሆኜ የተሰማኝን ጭንቀት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ሰዎች፣ ሰው ስትቀጥሩ ገቢያችሁ በእርግጥ አደገ ወይ? የዕለት ውሏችሁስ ምን ይመስላል?

መልስ 1

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የነበርኩበት ሁኔታ ትዝ አለኝ። እኔም ሥራ ስለበዛብኝ ሰው ቀጠርኩ፤ በአራት ዓመት ውስጥ ሰባት ሆንን፤ ዛሬ ሦስት ነን፤ ሦስት መሆናችንን የመረጥኩትም እኔ ራሴ ነኝ።

ስለ ገቢው አስቀድሜ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ሁሉንም በሰዓት ላስላው። ለዕረፍት፣ ለበዓልና ለሕመም ስድስት ሳምንት ብንቀንስ በዓመት 46 የሥራ ሳምንታት ይቀራሉ፤ በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠሩ ደግሞ 1,840 ሰዓት ማለት ነው። ብቻውን የሚሠራ ሰው ድርድሩን፣ ኢሜይሉንና የሒሳብ ሥራውን ራሱ ስለሚይዝ ከዚህ ውስጥ ደንበኛ የሚከፍልበት 60 በመቶው ነው ብለን እንያዝ፤ 1,104 ሰዓት ይሆናል። አሁን ሁለት ሰው ቀጠሩ እንበል። ዕረፍት ላይ ሲሆኑም ደመወዛቸው ስለማይቋረጥ ለእያንዳንዳቸው የሚከፍሉት ለ52 ሳምንታት፣ ማለትም ለ2,080 ሰዓት ነው። የአንዱ ሰዓት ደመወዝ ከነተጓዳኝ ወጪው ደንበኛ ከሚከፍለው የሰዓት ዋጋ ግማሽ ቢሆን፣ የሁለቱ ወጪ በደንበኛ ሰዓት ሲመነዘር 2,080 ሰዓት ነው። እነሱ ከ1,840 ሰዓታቸው 70 በመቶውን የሚከፈልበት ሥራ ላይ ቢያውሉት በድምሩ 2,576 ሰዓት ያስገባሉ። እርስዎ ደግሞ ሥራ ሲያከፋፍሉና ሲገመግሙ ስለሚውሉ የራስዎ የሚከፈልበት ሰዓት ወደ 500 ቢወርድ አይግረምዎ። ድምሩ 3,076 ይሆናል፤ ወጪው ሲቀነስ ለእርስዎ የሚተርፈው 996 ሰዓት ነው። ብቻዎን ሳሉ ግን 1,104 ነበር።

ሁለቱ ሰዎች 80 በመቶ ቢደርሱ የሚተርፍልዎ 1,364 ይሆናል፤ ወደ 60 በመቶ ቢወርዱ ደግሞ 628 ብቻ። እንግዲህ ትርፉንም ኪሳራውንም የሚወስነው ሰዎችዎ ሥራ አጥተው የሚቀመጡባቸው ሰዓታት ብዛት ነው፤ እነዚያን ሰዓታት የሚሞላው ደግሞ እርስዎ የሚያመጡት ሥራ ነው። ስቱዲዮ የከፈተ ሰው ዋና ሙያው ሥራ ማምጣት የሚሆነው ስለዚህ ነው። እኔ ሰባት በነበርንበት ዓመት የጻፍኩት ኮድ ከአንድ ወር ሥራ አይበልጥም ነበር።

ሌላው የገንዘብ ፍሰቱ ነው። ደመወዝ በየወሩ መጨረሻ ይከፈላል፤ ደንበኛ ግን በ60 ቀን ሊከፍል ይችላል፤ ስለዚህ ሥራው በፍጥነት ባደገ ቁጥር ከኪስ የሚሸፈነው ክፍተትም አብሮ ይሰፋል። አንድ ትልቅ ደንበኛ ክፍያውን ባዘገየብኝ ጊዜ የሁለት ወር ደመወዝ ለራሴ ቤት ካጠራቀምኩት ገንዘብ ከፍያለሁ። ሥራ ሞልቶ ተርፎኝ ነበር፤ በእጄ ግን ገንዘብ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የአራት ወር ደመወዝ ሳይቀመጥ አዲስ ሰው ቀጥሬ አላውቅም።

ስለ ሎሚውም አንድ ነገር ልበል። ሎሚ ተቆጥሮ ይታደላል፤ አንዱ የያዘው ሎሚ ሌላው ከያዘው ጋር ጉዳይ የለውም። እርስዎ የያዙት ሥራ ግን የቀጠሮው ክፍል ከክፍያው፣ ክፍያው ከቅርንጫፎቹ መረጃ ጋር የተቆላለፈ ነው። ሁለት ሰዎች በሚሠሩበት ቦታ አንድ የመነጋገሪያ መስመር ብቻ አለ፤ ሦስት ሲሆኑ 3፣ አምስት ሲሆኑ 10፣ ስምንት ሲሆኑ 28 ይደርሳል። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ፍሬድ ብሩክስ በ1975 (እ.ኤ.አ.) በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ ያዘገየዋል ብለው የጻፉት ከዚሁ የተነሣ ነው፤ አዲሱ ሰው እስኪገባው ድረስ የነባሩን ሰው ጊዜ ይወስዳልና። ለአንድ ሰው አሥር ወር የሚፈጅ ሥራ ለሁለት ሰው አምስት ወር አይፈጅም፤ ሁለቱ ከዚህ በፊት አብረው ሠርተው የማያውቁ ከሆነ ደግሞ ስምንት ወር ቢፈጅ አይደንቀኝም።

መልስ 2

እኔ ለ14 ዓመታት ብቻዬን የሠራሁ ሴት ነኝ፤ ስለዚህ ከሌላው ወገን ሆኜ ልናገር። ከእኔ በፊት የጻፉት ወንድማችን ስሌት ትክክል ነው፤ ሆኖም ብቻ መሥራትም የራሱ ወጪ አለው።

በቅድሚያ ጠያቂው ያነሡት የሕመም ጉዳይ ሰው በመቅጠር ብቻ የሚፈታ አይመስለኝም። እኔ ከአንዲት የሙያ ባልደረባዬ ጋር የጽሑፍ ስምምነት አለኝ፤ እሷ ስትታመም የእሷን ደንበኞች አስቸኳይ ብልሽት እኔ እጠግናለሁ፤ እኔ ስታመም ደግሞ እሷ። ይህ እንዲሠራ ግን አስቀድሞ መስተካከል ያለበት ነገር አለ። የእያንዳንዱ ደንበኛ ዶሜይን (የድረ ገጹ አድራሻ) እና ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት አገልግሎት) በራሱ በደንበኛው ስም መመዝገብ፣ የይለፍ ቃሎቹም በይለፍ ቃል ማስቀመጫ ውስጥ መሆን አለባቸው። ሰርቨሩ እንዴት እንደሚነሣ፣ መጠባበቂያ ቅጂው የት እንዳለና እንዴት እንደሚመለስ የሚናገር አንድ ገጽ ጽሑፍም ሊኖር ይገባል። ያንን ገጽ ጽፌ ለባልደረባዬ በሰጠኋት ቀን የሙከራ ሰርቨር ላይ ድረ ገጹን ከመጠባበቂያው እንድትመልሰው ጠየቅኳት፤ አልቻለችም፤ ሦስት ነገሮችን መጻፍ ረስቼ ነበር። ስለዚህ መጻፉ ብቻ አይበቃም፤ ሌላ ሰው ሞክሮት ማየት ያስፈልጋል።

ሥራ በዛብኝ ለሚለው ደግሞ የመጀመሪያው መፍትሔ ዋጋ መጨመር ነው። ከሚመጣው ሥራ ግማሹን የሚመልስ ሰው ዋጋው ከሙያው በታች እንደሆነ ገበያው ራሱ እየነገረው ነው። እኔ ዋጋዬን በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጨምሬ የተለዩኝ ደንበኞች ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱም አብዛኞቹ ብዙ ሰዓት ወስደው ትንሽ የሚከፍሉ ነበሩ። ቀጥሎም ወርኃዊ የጥገና ውል ያዝኩ፤ ለሶፍትዌር ማዘመን፣ ለመጠባበቂያ ቅጂና ለአነስተኛ ማሻሻያዎች የሚከፈለኝ ይህ ገንዘብ አዲስ ሥራ በማይመጣባቸው ወራት የመሠረታዊ ወጪዬን ግማሽ ይሸፍንልኛል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የጎደለብኝን መደበቅ አልፈልግም። ኮዴን አይቶ «ይህ ልክ አይደለም» የሚለኝ ሰው አጠገቤ የለም፤ ለሁለት ዓመታት ስሳሳተው የኖርኩትን አንድ የደኅንነት ጉድለት ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። ያገኘሁት ዕለት ሌሊቱን አልተኛሁም። አሁን ያቺው ባልደረባዬ በወር ሁለት ጊዜ ኮዴን እንድታይልኝ እከፍላታለሁ።

መልስ 3

እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም፤ በአንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ውስጥ የመጀመሪያው ተቀጣሪ የነበርኩ ሰው ነኝ፤ ይህ ወገን በዚህ ውይይት ስላልተሰማ ልናገር።

የቀጠሩኝ ሰው እንደ ጠያቂው ጎበዝ ባለሙያ ነበሩ፤ ለዓመታት ብቻቸውን ሠርተዋል። ቀን የጻፍኩትን ኮድ ሌሊት ቁጭ ብለው እንደገና ይጽፉት ነበር፤ ጠዋት ስመጣ የእኔ ሥራ የለም። ክፉ ሰው ስለሆኑ አልነበረም፤ ጥራት የሚሉት ነገር በእሳቸው ጭንቅላት ውስጥ እንጂ የትም አልተጻፈም ነበር። እኔም ከጥቂት ወራት በኋላ «ያው ይቀይሩታል» እያልኩ ሳልጨነቅ መጻፍ ጀመርኩ፤ እሳቸውም ሠራተኛ ጠፋ ብለው አዘኑ። በስምንተኛው ወር ተለያየን። ዛሬም ሳስበው ለሁለታችንም አዝናለሁ፤ ከእሳቸው ብዙ ልማር እችል ነበር።

በሁለተኛው የሠራሁበት ቦታ ግን ባለቤቷ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ያለቀ ድረ ገጽ ሰጥታኝ፣ ለምን እንዲህ እንደተሠራ መሥመር በመሥመር አስረዳችኝ፤ ከዚያም እያንዳንዱን ለውጥ በጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ በሚይዝ ፕሮግራም) ላይ አስተያየት ሰጥታ ትመልስልኛለች እንጂ አንድም ቀን ራሷ አልቀየረችውም። መጀመሪያ ላይ ከራሷ ሥራ ይልቅ ይህ የበለጠ ጊዜ ይወስድባት ነበር። ጠያቂው ራስዎን ይመርምሩ፤ ሌላ ሰው እርስዎ በሁለት ሰዓት የሚጨርሱትን በስድስት ሰዓት ሲሠራ አጠገቡ ሆነው መታገሥ ይችላሉ? ካልቻሉ ስሌቱ ምንም ያህል ቢያምር አይቅጠሩ።

መልስ 4

ከመቅጠር በፊት ሥራውን በከፊል ለሌላ ፍሪላንሰር (ሳይቀጠር በራሱ ለሚሠራ ባለሙያ) ማካፈል ይቻላል፤ እኔ አምስት ዓመት የሠራሁት በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን አንድ አደጋ ልጠቁም። በብዙ አገሮች ሕግ ተቀጣሪ በሥራው የጻፈው ኮድ ባለቤትነት የአሠሪው ሲሆን፣ በራሱ የሚሠራ ባለሙያ የጻፈው ግን በጽሑፍ ካላስተላለፈ በቀር የራሱ ሆኖ ይቆያል፤ የአሜሪካም የብሪታንያም ሕግ ዝውውሩ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲፈረም ይጠይቃሉ። እርስዎ ለደንበኛዎ «ኮዱ ሙሉ በሙሉ ያንተ ነው» ብለው ፈርመው ከሌላው ጋር ግን በቃል ብቻ ከተስማሙ፣ የሌለዎትን ነገር ሸጠዋል ማለት ነው። ውሉ ሥራው ሳይጀመር ይፈረም። እንዲሁም ያ ሰው ሰዓቱን እርስዎ እየወሰኑለት ለእርስዎ ብቻ የሚሠራ ከሆነ የግብር ባለሥልጣናት እንደ ተቀጣሪ ሊቆጥሩት ስለሚችሉ የአገርዎን ደንብ የሚያውቅ ባለሙያ ያማክሩ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስሌቱን በራሴ ቁጥሮች ሠርቼ አየሁት፤ በእኔ ሁኔታ ሁለት ሰው ቀጥሬ አሁን ካለሁበት ገቢ ላለመውረድ 74 በመቶ መድረስ አለባቸው፤ ይህን ለመሙላት የሚያስችል ሥራ በእጄ ያለው ለሰባት ወራት ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን የመልስ 3 ጸሐፊ ያነሡት ጥያቄ ነው፤ እኔ በእርግጥ የሰውን ኮድ ሌሊት የምቀይር ዓይነት ሰው ነኝ።

ስለዚህ ለደንበኛው ሥራውን በሁለት ምዕራፍ እንድንከፍለው ሐሳብ ላቀርብ አስቤያለሁ፤ በአምስቱ ወር የቀጠሮው ሥርዓት በሁለት ቅርንጫፎች ሥራ ይጀምርና ክፍያውና የቀሩት ቅርንጫፎች ይከተላሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከምተማመንባት አንዲት ፍሪላንሰር ጋር በጽሑፍ ውል እሠራለሁ፤ የጥገና ሥራዬንም ለሙከራ ለሁለት ሳምንታት ሙሉ በሙሉ ለእሷ እተውና እኔ ሰርቨሩን አልነካም። አንድ ጥያቄ ግን ይቀረኛል፤ ለደንበኛው በሥራው ላይ ሌላ ሰው እንዳለ ልንገረው?

መልስ 1

ይንገሩት፤ ውሉ ሳይፈረም ይንገሩት። በመጀመሪያው ስብሰባም እሷ ራሷ ትገኝና የምትሠራውን ክፍል እሷው ታስረዳው። እኔ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ ደንበኛው ለሰባት ወራት ሁሉንም ጥያቄ ለእኔ ብቻ ሲያቀርብ ኖሯል፤ ሰባት ሰው እያለኝ ስልኩ የሚጠራው በእኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ያ የሚወዱት ጠዋት እንዲቀርልዎ ከፈለጉ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እስከ ምሳ ሰዓት ስብሰባ እንደማይያዝ ለሁለቱም ያስታውቁ፤ በኋላ ለማስመለስ በጣም ከባድ ነው።