የሚጥል በሽታ ክፍል ውስጥ ሲነሳ፦ ተማሪዋ ከነቃች በኋላስ?

ነርስ ዘ7ኛ
ሰላም የሙያ ጓደኞቼ። ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት ክሊኒክ ነው የምሠራው። የሚጥል በሽታ ያለባት የ7ኛ ክፍል ተማሪ አለች፤ መድኃኒት ጀምራለች። የመጀመሪያ እርዳታውን አውቀዋለሁ፤ ያስቸገረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሽንት ያመልጣታል፣ ስትነቃ ልጆች ከበዋት ታያለች፣ በማግስቱ ትቀራለች። እንዳትሸማቀቅ ምን ላዘጋጅ? ለክፍል ጓደኞቿስ ምን ልበል?

ሲስተር አንጋፋዋ
እህቴ፣ አንድ ቦርሳ አዘጋጂላትና ክሊኒክ ሳይሆን እዚያው ክፍሏ፣ መምህሩ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። በልኳ የሆነ ቅያሪ ዩኒፎርም፣ የውስጥ ሱሪ፣ ፎጣ፣ ሶፍት፣ ሞዴስ፣ እርጥቡን ልብስ የምትይዝበት ፌስታልና አንድ ነጠላ ይበቃል። ነጠላው ገና ስትወድቅ ከወገቧ በታች ጣል ይደረግባት። ሽንቱ የሚያመልጠው እያንቀጠቀጣት ሳለ ወይም ሊለቃት ሲል ነውና ነቅታ ልሸፍናት ካልሽ ሁሉም አይቷል። ፊቷ ግን አይሸፈን፤ ትንፋሿና የከንፈሯ ቀለም መታየት አለበት።

መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኗ አስተኝተሽ ምራቁ በአፏ ጥግ እንዲወርድ አድርጊ። ዓይኗን ስትገልጥ ጥያቄ አታብዢባት፤ ለደቂቃዎች ግራ ይገባታል። ስሟን በዝግታ ጠርተሽ «ክፍል ውስጥ ነሽ፣ አጠገብሽ ነኝ፣ አልፏል» በያት፤ ካልሰማችሽ ድገሚላት። በዚህ ሰዓት ጎትቶ ማስነሳት ያስደነግጣታል፣ ልትገፈትርሽም ትችላለች፤ ይህ ብልግና አይደለም። ሙሉ በሙሉ ሳትነቃ ውሃ እንዳይሰጣት፣ ትን ይላታል። ከዚያ ክሊኒክ ወስደሽ አስተኛት። ግማሽ ሰዓት የሚበቃት አለች፣ ሰዓታት የምትተኛም አለች፤ ለክፍለ ጊዜ ብለሽ አትቀስቅሻት።

የሳይንስ መምህር
ለተማሪዎቹ ስሟን ሳይጠሩ፣ እንደማንኛውም የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት ቢነገራቸው ይሻላል። ግን አስቀድመው እሷን ያስፈቅዷት፤ እሷ ትኑር ወይስ አትኑር የሚለውንም ራሷ ትምረጥ። በሚኒ ሚዲያ ግን በፍጹም እንዳይነገር።

ልጆቹ የሚፈሩት አረፋውን ነው። አረፋው ምራቅ ነው፣ በሽታው በምራቅም በንክኪም አይተላለፍም። ክብሪት ጭሮ ማሽተትም መቅረት አለበት። ብዙው መንቀጥቀጥ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ በራሱ ስለሚያቆም ክብሪቱ ያዳነ ይመስላል፤ ሥራው ግን አፍንጫ ማቃጠልና ትንፋሽ ማወክ ብቻ ነው። ማንኪያ ወይም ቁልፍ በጥርስ መሃል ማስገባት ጥርስ ይሰብራል፣ እጅና እግር ጨምቆ መያዝም ይጎዳል።

ልጆች የሚፈዙት ሥራ ሲያጡ ስለሆነ ሥራ ይከፋፈሉ፤ አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ ነርሷን ይጠራል፣ አንዱ ሹራቡን ከጭንቅላቷ ስር ያደርጋል፣ ሁለቱ ዴስክ ያርቃሉ፣ የክፍል አለቃው የቀሩትን ወደ ውጭ ይመራል። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ከደገማት ለአምቡላንስ 907 ይደወል።

ፋርማሲ በጎንደር
ፌኖባርቢታል የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከሆነ የምትወስደው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ሊላትና ነገር ሊዘገይባት ስለሚችል መምህራን «ሰነፍ» እንዳይሏት ይንገሯቸው። በድንገት ማቋረጥ ደግሞ መንቀጥቀጡን ያመጣዋል። ለዚህ ነው ቤተሰብ ጸበል ሲወስዳት መድኃኒቱን እንዳያስጥላት አስቀድሞ መነጋገር የሚያስፈልገው፤ ጸበሉን እየተጠመቀች መድኃኒቷንም ትውጣለች። ከጸበል አታስቀሯት፣ ያኔ እናትየው ከእርስዎ ትሸሻለች። በፈተና ሰሞን ሌሊት ማጥናትም መንቀጥቀጡን ይቀሰቅሰዋል። ቀኑን፣ የፈጀውን ደቂቃ፣ ከየትኛው ጎን እንደጀመረ፣ ያለፈውን ሌሊት እንቅልፏንና ኪኒኗን መዋጧን ጽፈው ለቀጠሮዋ ይስጧት። ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው።

ነርስ ዘ7ኛ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ወደ ክፍል የምትመለሰው መቼ ይሁን?

ሲስተር አንጋፋዋ
ትምህርት መሃል በሩን አንኳኩታ እንዳትገባ፣ ሁሉም ዞሮ ያያታል። በእረፍት ሰዓት፣ ከምታምናት ጓደኛዋ ጋር ትግባ። ያመለጣትን ደብተርም ጓደኛዋ ቀድማ ትገልብጥላት። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ሰልፍ ሳይጀመር በር ላይ ቆመሽ ተቀበያት፤ ስለትናንቱ ሳታነሺ።