የጋራ የተክል መለያ ካርድ፦ ረቂቅ 2 ላይ አስተያየት ስጡ
(የአኳሪየም ማኅበር አባላት ውይይት፤ አባላቱ የተጠሩት በሰፈራቸው ስም ነው።)

ጸሐፊ፦
ረቂቅ 2 ይኸው። ዓላማው ያው የአምናው ነው። ጀማሪ ሰው ለአኳሪየሙ፣ ለዓሣ ገንዳው፣ ተክል ይገዛል፣ ምን እንደገዛ አያውቅም፣ በወሩ ይበሰብስበታል። ውሃው ይበላሻል፣ ዓሣው ያልቃል፣ ሰውየው ገንዳውን ሸጦ ይገላገላል። ስለዚህ 12 ተክል ያለበት ባለቀለም ካርድ እናትማለን። ፊቱ ፎቶ፣ ጀርባው አያያዝ፣ በላሚኔት። ዓሣ የሚሸጡ ሱቆች ላይ በነፃ ይቀመጣል።
12ቱ፦ አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን፣ ጃቫ ሞስ፣ ቫሊስኔሪያ፣ ሆርንዎርት፣ አማዞን ሶርድ፣ ክሪፕቶኮሪን፣ ሉድዊጂያ፣ ሮታላ፣ ሃይግሮፊላ፣ ሳጂታሪያ፣ አልተርናንቴራ።
መዋጮ በሰው 800 ብር። 22 ነን፣ 17,600 ይሆናል። ማተሚያ ቤቱ ለ200 ካርድ 14,000 ጠይቋል። ሽፋኑ ላይ የጣፎው ገንዳ ፎቶ ገብቷል። እስከ ዓርብ።

ቡራዩ፦
800 በዝቷል። የአምፖሉ ብር መቼ ተመለሰልን?

ገንዘብ ያዥ፦
የአምፖሉ ጉዳይ ተዘግቷል። ደብተሩ ላይ አለ። እዚህ አታምጣው።

ሰበታ፦
ጀርባውን ያነበበ አለ? አኑቢያስና ጃቫ ፈርን «ጠጠር ውስጥ ይተከላሉ» ይላል። እንዲህ ከታተመ ተክል የሚገድለው ካርዱ ራሱ ነው። ሁለቱም አግድም የሚሄድ ወፍራም ግንድ አላቸው። ሥሩም ቅጠሉም የሚወጣው ከሱ ነው። ግንዱ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ በክር ማሰር ነው፣ በቃ። ሥሩ ቀስ ብሎ ራሱ ይይዛል።
ጃቫ ፈርን ላይ ደግሞ በቅጠሉ ጀርባ የሚታዩት ጥቁር ነጥቦች በሽታ አለመሆናቸውን ጻፉ። መራቢያው ናቸው። ስንቱ ሰው ደህና ቅጠል እየቆረጠ ይጥላል።
ሌላው፣ የውሃ ተክል ሳይሆኑ እንደ ውሃ ተክል የሚሸጡት የት አሉ? ላኪ ባምቡ የሚባለው የድራሲና ዘር ነው። ሥሩ ውሃ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ ቅጠሉ ከጠለቀ ግን አይቆይም። ፒስ ሊሊም እንደዚሁ። ጥቂት ሳምንት ያምራሉ፣ ከዚያ ይፈርሳሉ። ጀማሪውን የሚያከስሩት እነዚህ ናቸው። አንድ ገጽ ለነሱ ስጡ።

ኮዬ ፈጬ፦
ሽፋኑ ላይ በስተቀኝ ያለው ቀይ ተክል ፕላስቲክ ነው።

ጣፎ፦
የኔን ገንዳ ነው?

ኮዬ ፈጬ፦
ሌላ ሽፋን አለ እንዴ? የተክል መለያ ካርድ ላይ ፕላስቲክ ካወጣን መሳቂያ ነው የምንሆነው። ቅጠሎቹን እዩዋቸው። ከላይ እስከ ታች እኩል ናቸው። እውነተኛ ግንድ ላይ የታችኛው ቅጠል ያረጃል፣ ይበሳል፣ አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ሽፋን) ይይዘዋል። ጫፉ ላይ ያለው ትንሽና ደማቅ ነው። እዚህ አንድም የተበሳ የለም።

ጣፎ፦
አልተርናንቴራ ነው። በሰው ከውጭ ያስመጣሁት። አንተ ጋ ከሆርንዎርት ሌላ በቅሎ ያውቃል?

ኮዬ ፈጬ፦
ሆርንዎርቴ ሕይወት አለው።

አያት፦
አጉልቼ አየሁት። ግንዱ ላይ አንጓ ያለ ይመስላል። ግን ከአንጓው ነጭ ሥር አልወጣም። ውሃ ውስጥ የቆየ ግንድ ብዙ ጊዜ ከአንጓው ሥር ይለቃል። መብራቱ ከጀርባ ቢሆን ኖሮ የቅጠሉ ጅማት ይለይ ነበር። ከዚህ ፎቶ መፍረድ አይቻልም። ሌላ ላክ ወንድሜ፣ ነገሩ ይለቅ።

ጣፎ፦
አልልክም። ማኅበሩ ሲመሠረት በራሴ መኪና ጠጠር ያመላለስኩ ሰው ነኝ። ዛሬ አጭበርባሪ ተብዬ ማስረጃ አላቀርብም።

ገንዘብ ያዥ፦
ማንም አጭበርባሪ አላለህም።

ቡራዩ፦
ፕላስቲክ ከሆነ እኔ አልከፍልም።

ሱሉልታ፦
አንተ እውነተኛም ቢሆን አትከፍልም። እኔም ግን ሳየው ጠርጥሬ ነበር። ያለ ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይህን ያህል ቀይ አይሆንም።

አያት፦
ይሆናል፣ መብራቱ ጠንካራ ከሆነ። ዝግ ብሎ ነው እንጂ ያድጋል።

ገላን፦
ይቅርታ፣ ከዚህ የባሰ ነገር አለ። ረቂቁ ሆርንዎርትና ቫሊስኔሪያ «ከዝዋይና ከሐዋሳ ሐይቅ በነፃ ይገኛሉ» ይላል። ይህ መውጣት አለበት። እዚያ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች አሉ። ተክሉ ላይ ተጣብቀው ይመጣሉ። ከዚያ ቤት ውስጥ ልጅ በባዶ እጁ ገንዳ ያጸዳል። አስቡት።
በረኪና ይገድላቸዋል የሚል ይመጣል። አንድ እጅ በረኪና በ19 እጅ ውሃ፣ ሁለት ደቂቃ ነክሮ ደህና አድርጎ ማጠብ ለአኑቢያስ ይሠራል። ቫሊስኔሪያ፣ ሆርንዎርትና ሞስ ግን አይችሉትም። ከሐይቅ የሚመጡት ደግሞ እነዚያው ናቸው።
እምቦጭም አለ። አበባው ያምራል ብሎ በሳፋ የሚያሳድግ ሰው አውቃለሁ። ቆቃ ላይ በ1965 እ.ኤ.አ. ታየ፣ ጣና ላይ በ2011። ትርፍ ተክል ወንዝና ቦይ ውስጥ አይጣልም ተብሎ በቀይ ይጻፍ። አድርቆ መቅበር ነው።

ጸሐፊ፦
ጥሩ ነጥብ ነው፣ ይያዛል። ጣፎ፣ ሌላ ፎቶ የለህም?

ጣፎ፦
ፎቶዬን አውጡት። መዋጮዬንም መልሱልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
መዋጮ ገና አልከፈልክም።

ኮዬ ፈጬ፦
አንድ ቅጠል ቆርጦ በጣቱ ይዞ ፎቶ ማንሳት ምን ያህል ይከብዳል? እውነት ቢሆን እስካሁን ይልከው ነበር።

ጣፎ፦
አንተ እኔን ቅጠል ቁረጥ የምትለኝ ምኔ ነህ?

ዓለም ገና፦
ልጆች፣ ረጋ በሉ። ጣፎ፣ ፎቶውን መቼ ነው ያነሳኸው? ተክሉ በመጣ ሰሞን ከሆነ የኮዬ ፈጬው ያየውም ስህተት አይደለም፣ አንተም እውነትህን ነው። ለንግድ የሚያባዙት እርሻዎች አብዛኛውን ጊዜ ተክሉን የሚያሳድጉት ከውሃ በላይ ነው። ሥሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ አየር ላይ። ፈጥኖ ያድጋል፣ አልጌም አይነካውም። ቅጠሉ ጠንካራ፣ ንጹሕና እኩል የሚሆነው ለዚያ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ያንን ያረግፍና በውሃ ቅጠል ይተካዋል።
ጀማሪው እዚህ ጋ ነው ሞተብኝ ብሎ ነቅሎ የሚጥለው። ክሪፕቶኮሪንማ ቦታ ስለተቀየረ ብቻ ቅጠሉ እንዳለ ሊቀልጥ ይችላል። ሥሩ ደህና ከሆነ አይነቀልም፣ ይመለሳል። ካርዱ ላይ ይህን ብትጽፉ ይሻላል።

ጣፎ፦
ጋሼ፣ ለእርስዎ ስል እመልሳለሁ። በመጣ በማግስቱ ነው ያነሳሁት።

ኮዬ ፈጬ፦
አሁንስ አለ?

ጣፎ፦
የታችኛው ረግፏል። ጫፉ አለ። ክረምቱን መብራት እንዴት እንደነበር ታውቃለህ።

ኮዬ ፈጬ፦
እሺ። ፕላስቲክ ያልኩትን አንስቻለሁ። ግን የረገፈ ተክል ሽፋን ላይ ማውጣት ሰው ማሳሳት ነው። እንደዚያ ይመስልልኛል ብሎ የሚገዛው ጀማሪ በሁለተኛው ሳምንት ምን ይላል? ሽፋንነቱን አልቀበልም።

ጣፎ፦
ይቅርታ በል።

ኮዬ ፈጬ፦
አንስቻለሁ ብያለሁ።

ዓለም ገና፦
ይበቃል። እኔ ሰምቼዋለሁ፣ ሁሉም ሰምቷል።

ሱሉልታ፦
እንግዲያው የኔ ገንዳ ይውጣ። አማዞን ሶርዴ ከውሃው በላይ አበባ አውጥቷል።

ቡራዩ፦
የኔስ? ማንም አልጠየቀኝም።

አያት፦
የማንም አይውጣ። ማኅበሩ የራሱ ገንዳ ይኑረው። 200 ሊትር በቂ ነው። ከ12ቱ የሚሆኑትን እንትከልበትና ውሃ ውስጥ ያደገ ቅጠል ሲያወጡ ፎቶ እናንሳ። ሰውም መጥቶ በዓይኑ ያያል፣ በእጁ ይነካል። ካርድ ይጠፋል፣ ገንዳ ይኖራል።

ዓለም ገና፦
በረንዳዬ ላይ ቦታ አለ። የጉድጓድ ውሃም አለኝ።

ሰበታ፦
በረንዳ ላይ ፀሐይ በቀጥታ ከመታው በሳምንት አልጌ ይውጠዋል። ወደ ውስጥ ይግባ። መብራት በቀን በድምሩ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ይብራ፣ ከዚያ አይበልጥ። ቅዝቃዜውንም አስቡ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይከብዳል። አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን፣ ጃቫ ሞስ፣ ሆርንዎርትና ቫሊስኔሪያ ውሃው 20 ዲግሪ ቢሆንም ይችሉታል፣ ከሌሎቹ አንዳንዶቹ ግን ሄተር (የውሃ ማሞቂያ) ይፈልጋሉ። መብራት ሲጠፋ ሄተሩም ይጠፋል።
የጋሼ ጉድጓድ ኖራ ይበዛዋል፣ ማንቆርቆሪያቸው ላይ ይታያል። ቫሊስኔሪያ ይወደዋል። ሮታላ ግን ይቸገራል። ለሱ የለገዳዲ መስመር ካለው ሰው ውሃ በጀሪካን ይምጣ። የግድብ ውሃ ስለሆነ ለስለስ ያለ ነው። ክሎሪን ስላለው ሳይሸፈን አድሮ ይገባል።

ቡራዩ፦
ዩሪያ ትንሽ ጣል ቢደረግበት አይፈጥንም?

ሰበታ፦
ኧረ በፍጹም! ዩሪያ ውሃ ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። ዓሣ ይጨርሳል፣ ተርፎ አልጌ ያፈላል። አማዞን ሶርድና ክሪፕቶኮሪን ከሥራቸው ነው የሚመገቡት። ለነሱ ሥራቸው አጠገብ የሚቀበር የተክል ማዳበሪያ ክኒን አለ። ከሌሎቹ ለአብዛኞቹ የዓሣው ኩስ ይበቃል።

ገንዘብ ያዥ፦
ደወልኩ። ያገለገለ 200 ሊትር ከነማቆሚያው 8,000። መብራት 3,000። ፊልተር 2,500። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ 2,500። ድምሩ 16,000። ከ17,600 የሚተርፈው 1,600 ነው። ሄተር አልቆጠርኩም። ባለቀለም ካርድ በዚህ አይታተምም።

ጸሐፊ፦
ካርዱ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ይሁን። ለጊዜው።

ሰበታ፦
ተክል መለያ በጥቁርና ነጭ? ሉድዊጂያን ከሃይግሮፊላ በምን ይለያል ሰውየው?

አያት፦
ለሱ ገንዳው አለ አይደል።

ሰበታ፦
አንቺ አያት፣ ሱሉልታ የሚኖር ጀማሪ ዓለም ገና ድረስ ሄዶ ነው ቅጠል የሚያየው? የተነሳነው ሱቅ ላይ ቆሞ የሚመርጠውን ሰው ለመርዳት ነበር።

ጸሐፊ፦
እሱን በሁለተኛው ዙር። ገንዳውን ቅዳሜ ማን ያመጣዋል?

ሱሉልታ፦
ፒክአፕ አለኝ። እኔ አመጣዋለሁ።

ኮዬ ፈጬ፦
መስታወቱን ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። እኔ እመጣለሁ።

ጣፎ፦
እሱ ካለ እኔ አልመጣም። ግን ጠጠር አለኝ፣ የታጠበ ነው፣ ጋሼ ጋ አደርሳለሁ።

ገላን፦
የሐይቁ ተክልና የቢልሃርዚያው ነገር የት ደረሰ? ፎቶ ኮፒው ላይ አለ?

ጸሐፊ፦
አንድ ገጽ ብቻ ነው፣ ቦታ እያየሁ ነው።

ገላን፦
ሌላውን ቀንሳችሁ አስገቡት። እሱ ከሌለበት ወረቀቱ ላይ የኔ ስም አይግባ።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ ይገባል። ረቂቅ 3 ነገ እልካለሁ። ርዕሱ «የማኅበሩ ገንዳ» ይሆናል። ሱሉልታ፣ ቅዳሜ ስንት ሰዓት?

ጸሐፊ፦
ሱሉልታ?

ኮዬ ፈጬ፦
ደወልኩለት። አያነሳም።

ሰበታ፦
ረቂቅ 3 ላይ የአኑቢያሱን መስመር አስተካክሉ። አሁንም «ጠጠር ውስጥ» ነው የሚለው።

ቡራዩ፦
800ው ለካርዱ ነው ወይስ ለገንዳው?

ገንዘብ ያዥ፦
ለገንዳው። እስከ ዓርብ።