ጋኔን ከጂኒ የመጣ ነው? ክርክር

ጠያቂ፦ አንድ ጓደኛዬ "ጋኔን የሚባለው ቃል ከዓረብኛው ጂን የተወሰደ ነው፣ ከእስልምና ጋር ነው የገባው" ብሎ ድርቅ አለብኝ፣ እስቲ የምታውቁ በሉ

የቆሎ ተማሪ፦ ኧረ በጭራሽ! ወንጌል ወደ ግእዝ ሲመለስ እኮ ጌታ ከሰው የሚያወጣቸው ክፉ መናፍስት አጋንንት ነው የተባሉት። አባ ገሪማ ገዳም ካሉት ወንጌሎች ያንዱ ብራና በካርቦን ሲመረመር በፈረንጆቹ ከ390 እስከ 570 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የወጣው፣ እስልምና ደሞ 7ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ እና ምኑ ከምኑ ገባ?

የወሎ ልጅ፦ ቀስ በል ወንድሜ፣ ዓረቦች ጂንን ከእስልምና በፊትም ያውቁታል፣ የመን ደሞ እዚሁ ባሕሩን ተሻግሮ ናት። ዓረብኛው ስር አለው፣ ጀነ ማለት ሸፈነ ደበቀ ነው፣ ሆድ ውስጥ ያለው ጽንስ ጀኒን፣ ያበደው መጅኑን፣ ሁሉም ከዛው ነው። ጋኔን ከየትኛው ግስ ወጣ? አምጣ

የቆሎ ተማሪ፦ የኛ ገመል እነሱ ጋ ጀመል አይደል? ዘመዳሞች ናቸው በቃ። ብዙ ቁጥሩንም እየው፣ አጋንንት ብሎ የሚረባ የራስ ቃል ነው

ሰዋስው፦ እሱ እንኳን አያስኬድም፣ ቀሲስም ቀሳውስት ይላል ግን የሶርያ ቃል ነው። ሃይማኖት፣ ጣዖት፣ ኦሪት ሁሉ በአራማይክ (የሶርያውም ቋንቋ የሱ ዘር ነው) በኩል ነው የገቡት፣ ለኔ ጋኔንም በዛው መንገድ መምጣቱ ነው ሚዛን የሚደፋው

ሀና፦ ፍቺውስ? ዳዊት ላይ "የቀትር ጋኔን" የሚለውን እናቴ ወንዝ እንዳንወርድ ነበር የምትጠቀምበት፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን አመድ መድፊያው ጋ እንኳ አታስደርሰንም። የሷ ጋኔን የሚያጠምድ የሚያሰናክል ነገር ነው እንጂ ሲኦል ምናምን የለበትም 😂

የወሎ ልጅ፦ ልክ ነሽ እህቴ፣ ጂንም ሁሉ ክፉ አይደለም፣ ቁርኣን ውስጥ ሱረቱል ጂን ላይ ራሳቸው "ከኛ ውስጥ ሙስሊሞች አሉ" ይላሉ። ጋኔን ግን ቤተክርስቲያን ከገባ በኋላ ደግ የሚባል የለውም፣ ስሙ አንድ ሆኖ ጠባዩ ነው የተለያየው

የቆሎ ተማሪ፦ ጂኒ ጀንካ አታብዛ 😄 ከዓረብ የተዋስነው በጀ የገባውን ጂኒን ነው፣ በገ ያለው የጥንት የራሳችን ነው

የወሎ ልጅ፦ ታኢዝና ዓደን ያሉ የመኖች እኮ "ጀ"ን "ገ" ብለው ነው የሚያነቡት። አሁንስ?