ጂፕ ራንግለርን ከሞተርሆም ኋላ በአራቱም ጎማ ስለ መጎተት

ጠያቂ፣ ከአውሮራ (ኮሎራዶ)

ጤና ይስጥልኝ። በፎርድ ኢ-450 ሻንሲ ላይ የተሠራ ሞተርሆም (እንደ ቤት የሚኖሩበት የጉዞ መኪና) ገዝተን ከቤተሰቤ ጋር ወደ ዩታ፣ ሞአብ ለመሄድ ተዘጋጅተናል። እዚያ ያሉት የድንጋይና የአሸዋ መንገዶች ለሞተርሆም ስለማይሆኑ አንድ መኪና ከኋላ መጎተት ይኖርብናል። ያሉን መኪኖች አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ባለ አራት በር ጂፕ ራንግለርና የባለቤቴ ቶዮታ ራቭ4 ናቸው። የጠየቅሁት ጋራዥ «ዜሮ ማርሽ አድርገህ መጎተት ብቻ ነው» ብሎኛል፤ ይሁን እንጂ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማዎቹ ያን ያህል መንገድ ሲዞሩ ካምቢዮው ምን እንደሚሆን ሊያስረዳኝ አልቻለም። የምታውቁ ብታብራሩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፣ መካኒክ ከዴንቨር

ወንድሜ፣ ስጋትዎ ትክክል ነው፤ የተሰጠዎት ምክር ካምቢዮ ያስበላል። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይቱን የሚያዘዋውረው ፓምፕ የሚሠራው በሞተሩ ኃይል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ጎማዎቹ ሲዞሩ የካምቢዮው የውስጥ አካላት አብረው ይዞራሉ፤ ዘይት ግን አይደርሳቸውም፤ ስለዚህ እየጋሉ ሄደው ይቃጠላሉ። ካምቢዮውን ዜሮ ላይ ማድረግ ከሞተሩ ይለየዋል እንጂ ከጎማዎቹ አይለየውም።

ራንግለር የሚጎተተው ከካምቢዮው ኋላ ያለው ትራንስፈር (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል) የራሱ የሆነ ዜሮ ስላለው ነው። ትራንስፈሩ ዜሮ ላይ ሲሆን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ዘንጎች ሁለቱም ከካምቢዮው ይላቀቃሉ። በደልዳላ ቦታ ላይ ፍሬን ይዘው ካምቢዮውን ዜሮ ያድርጉ፤ ከዚያም የትራንስፈሩን ማርሽ ወደ ዜሮ ያስገቡ። ቀጥሎ ያለው ፍተሻ ፈጽሞ የሚዘለል አይደለም፦ ሞተሩ እየሠራ ካምቢዮውን መጀመሪያ ወደ ኋላ ማርሽ፣ ቀጥሎ ወደ ፊት ማርሽ አስገብተው እግርዎን ከፍሬኑ ላይ ያንሡ። መኪናው ከተንቀሳቀሰ ትራንስፈሩ በትክክል አልገባም ማለት ነው። ካልተንቀሳቀሰ ሞተሩን አጥፍተው ካምቢዮውን ፓርክ ላይ ያድርጉ። ብዙ ሰው በዚህ ይደናገጣል፤ ነገር ግን ትራንስፈሩ ስለተለየ ፓርክ ጎማዎቹን አይዝም፤ የሚይዘው ካምቢዮውን ብቻ ነው፤ የምንፈልገውም እሱ እንዳይዞር ነው። መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉን የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ በሚያዘው ቦታ ላይ ይተዉ፤ ከመነሣትዎ በፊትም የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ።

ሁለት ጎማ ብቻ በሚያነሣ ተሳቢ ላይ ግን እንዳይጭኑት፤ አምራቹ ለፎር ዊል ድራይቭ ይህን ይከለክላል። ወይ አራቱም መሬት ላይ፣ ወይ አራቱም ተሳቢ ላይ ነው።

መልስ፣ የሲአር-ቪ ባለቤት

ራቭ4ን በተመለከተ ቶዮታ በመመሪያ መጽሐፉ አራቱም ጎማ መሬት ላይ ሆነው ከሞተርሆም ኋላ እንዳይጎተት በግልጽ ጽፏል፤ ስለዚህ ይተዉት። የመኪናው ስም ብቻ አይበቃም፤ ሆንዳ ሲአር-ቪ እስከ 2014 ሞዴል ድረስ ይጎተት ነበር፤ በ2015 ሲቪቲ (ቋሚ ማርሾች የሌሉት አውቶማቲክ) ካምቢዮ ሲገባለት ግን ፈቃዱ ቀረ። ጂፕ ግራንድ ቸሮኪም ቢሆን የሚጎተተው ዜሮ ያለው ባለ ሁለት ፍጥነት ትራንስፈር ሲኖረው ብቻ ነው።

መልስ፣ በአይ-70 አውራ ጎዳና የምትመላለስ

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ፍሬኑ ነው። የቅርብ ዓመታት ኢ-450 ከተጎታቹ ጋር በድምሩ እስከ 22,000 ፓውንድ፣ ብቻውን ደግሞ እስከ 14,500 ፓውንድ ይፈቀድለታል። ልዩነቱ 7,500 ስለሆነ የፈለግነውን እንጎትታለን ማለት አይደለም፤ በሞተርሆሙ የኋላ መንጠቆ ላይ የተጻፈው መጠን ብዙ ጊዜ 5,000 ነው፤ ወሳኙም ትንሹ ቁጥር ነው። ባለ አራት በር ራንግለር ዕቃ ሳይጫንበት ከ4,000 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። ይህን ሁሉ ክብደት ይዘው ከ11,000 ጫማ በላይ ካለው የአይዘንሃወር ዋሻ ወደ ሲልቨርቶርን ሲወርዱ የሞተርሆሙ ፍሬን ብቻውን ሊግልና ሊከዳ ይችላል። ስለዚህ የጂፑን የፍሬን ፔዳል ከሞተርሆሙ ጋር አብሮ የሚረግጥ መሣሪያ፣ መጎተቻው ቢበጠስ ደግሞ ጂፑን በራሱ የሚያቆም ገመድ ያስገጥሙ። ቤተሰብ ይዘው ነውና በዚህ ላይ ገንዘብ አይቆጥቡ፤ ብዙ ግዛቶችም ለዚህ ክብደት ፍሬን በሕግ ይጠይቃሉ።

የመጎተቻው ብረት ከመሬት ጋር ትይዩ መሆኑን፣ የደህንነት ኬብሎቹ ከሥሩ ተጠላልፈው መታሰራቸውን፣ የጂፑ ፍሬቻና የፍሬን መብራት ከሞተርሆሙ ጋር እኩል መብራታቸውን ሰው አቁመው ያረጋግጡ።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እንግዲያው ጂፑን እንወስዳለን። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ነዳጅ ማደያ ገብቼ መውጫ ባጣ ትንሽ ወደ ኋላ ማለት ይቻላል?

መልስ፣ መካኒክ ከዴንቨር

አይቻልም፤ ጥቂት ጫማም ቢሆን። ወደ ኋላ ሲገፉት የጂፑ የፊት ጎማዎች በራሳቸው ወደ አንድ ጎን ይታጠፋሉ፤ ያን ጊዜ የመጎተቻው ብረት ይጣመማል፤ በሻንሲው ላይ የታሰረበትም ሊጎዳ ይችላል። ወርደው ጂፑን ይፍቱት፤ ሞተርሆሙን ካወጡ በኋላ መልሰው ይሰሩት። ትራንስፈሩን ከዜሮ አውጥተው ከነዱት ደግሞ ያንን ፍተሻ እንደገና ያድርጉ።