የአባባን የህይወት ታሪክ እንዴት ልጻፈው?

የቦርከናው ልጅ፦ ሰላም የኮምቦልቻ ልጆች፣ ሰፈራችን ከብት ሲያረቡ የኖሩት አባባ አረፉ፣ ቅሬው (እድራችን) የህይወት ታሪካቸውን ጻፍ አለኝ ግን የተወለዱበትን ዓመት ልጆቻቸውም አያውቁትም፣ ምን ላድርግ?

ሐረጎ፦ ነፍስ ይማር። ጣሊያን ሲገባ ምን ያክሉ እንደነበር አላወሩህም? ደሴ የተያዘችው ሚያዝያ 1928 ነው፣ ከዛ ቁጠር።

የቦርከናው ልጅ፦ ኧረ አዎ! ጥጃ ጠባቂ ነበርኩ ይሉ ነበር፣ መቶን ተጠግተዋል በለኛ።

እቴቴ፦ ዓመቱን ተወው ባክህ፣ በ77ቱ ድርቅ ከብቶቻቸው አልቀው በአንዲት ጊደር እንደገና እንደጀመሩ ጻፍ፣ ላም በወለደች ቁጥር እንገሩን ለጎረቤት ያዳርሱ ነበር፣ ደሞ የቅሬውን ድንኳን እኛ ስንተክል ካስማውን በእግራቸው ነካ አርገው «ላልቷል፣ ንቀሉት!» ሲሉ ሞቼ ነበር በሳቅ።

የቦርከናው ልጅ፦ ካስማዋ ትገባለች 😄