ልጄን ክፍል ውስጥ ያሸማቅቁታል፤ ትምህርት ቤቱ «ጨዋታ ነው» ይላል

የጨነቃት እናት፦

ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ሲናገር ይንተባተባል። ከትንሽነቱ ጀምሮ ነው፤ ቤት ውስጥ ማንም ነገሬ ብሎት አያውቅም። ዘንድሮ ግን ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ እንዲያነብ በተጠራ ቁጥር ከኋላ የሚቀመጡ ልጆች አብረውት ይንተባተባሉ። አንዱ ይጀምራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። አንድ ቀን አፉን ከፍቶ ቃሉ እምቢ ሲለው ፎቶ አነሱትና የቴሌግራም ስቲከር አደረጉት። አሁን የክፍሉ ግሩፕ ላይ አንድ ሰው መልስ ከዘገየ የሚላከው የልጄ ፊት ነው።

እሱ አልነገረኝም። እኔን ያስጠረጠረኝ ሌላ ነገር ነው። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ ወደ ሽንት ቤት ይሮጣል። በየቀኑ። ለካ ቀኑን ሙሉ ይዞ ነው የሚውለው። እዚያ መምህር ስለማይኖር በር ላይ የሚጠብቁት እነዚሁ ልጆች ናቸው። እሁድ ማታ ሆዴን አመመኝ ይላል። ሥዕል ነፍሱ ነበር፤ እሱንም እርግፍ አድርጎ ትቶታል።

የክፍል ኃላፊውን በስልክ አናገርኩት። «ልጆች ናቸው፣ ይጫወታሉ፤ እሱም ትንሽ ጠንከር ይበል» አለኝ። ባለቤቴ «አንዱን ቢያቀምሰው ሁሉም ይተዉታል» ባይ ነው። ልጄ ደግሞ ርዕሰ መምህሯ ጋ ድርሽ እንዳልል ለመነኝ። «ከመጣሽ ይብስብኛል» ነው የሚለው። ምን ላድርግ? ያያችሁትን ንገሩኝ።

የሦስት ወንዶች አባት፦

አይዞሽ እህቴ። እኔ በባለቤትሽ ሐሳብ እስማማለሁ። ራሱን መከላከል ያልለመደ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ሲረገጥ ይኖራል። ስፖርት አስገቢው፣ ሰውነቱ ይጠንክር። ትምህርት ቤት ሄደሽ ከከሰስሽ ግን «አሳባቂ» የሚል ስም ይጨመርበታል።

የትምህርት ቤት ካውንስለር፦

ከላይ የጻፉት አባት ለልጁ አስበው እንደሆነ ይገባኛል። ስፖርቱን ከወደደው ይግባ፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን አንድን ልጅ በቡድን ከመጡበት ልጆች ጋር ብቻውን «ሂድና ተማታ» ማለት አደጋ ነው። የእነሱ ሹክሹክታ ለመምህር አይታይም፤ የእሱ ቡጢ ግን ይታያል። ተቀጪው እሱ ይሆናል።

እህቴ፣ «ጨዋታ ነው» ለሚለው መልስ አለሽ። በዚህ ጉዳይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስዊድን ውስጥ ጥናት የጀመረው ዳን ኦልዌየስ ሦስት መለያዎችን አስቀምጧል። ሆን ተብሎ ይደረጋል፣ ይደጋገማል፣ የሚጎዳው ልጅ በቀላሉ ራሱን መከላከል አይችልም። ያንቺ ልጅ ላይ ሦስቱም አሉ። ጨዋታ ቢሆን ኖሮ እሱም ይስቅ ነበር፤ «በቃ» ሲልም ይቆም ነበር። ይህንኑ ለትምህርት ቤቱ በደብዳቤ ጻፊ። የስልክ ወሬ ይረሳል፣ ደብዳቤ ግን መልስ ይፈልጋል። መቼ፣ የት፣ ማን ማን እያየ የሚለውን አስፍሪ። ስቲከሩን ከማስጠፋትሽ በፊት ስክሪንሾት ያዢ።

«እንዳትመጪ» ያለሽን ነገር በጣም አክብሪው። ግን ዝም እላለሁ ብለሽ ቃል አትግቢለት። ቁጭ በሉና ከመሄድሽ ምን እንደሚፈራ ጠይቂው። እኔ ጋ የሚመጡ ልጆች አብዛኞቹ የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፦ ክፍሉ ሙሉ ተሰብስቦ፣ ስማቸው ተጠርቶ «እገሌን ማን ነካው?» መባሉን። እሱን እንዳያደርጉ አስቀድመሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ደብዳቤው ላይ ምን እንደሚገባ፣ ምን እንደሚቀር እሱ ይወስን። ለወራት ሌሎች ሲያዙበት የኖረ ልጅ ነው፤ ቢያንስ በራሱ ጉዳይ ላይ ድምፅ ይኑረው።

ሌላም አለ። አጥቂውንና ተጠቂውን አንድ ቢሮ አስገብቶ «በሉ ተጨባበጡ» ማለት የተለመደ ነው። እባክሽ እንዳትቀበዪ። ይህ እኩል የተጣሉ ልጆች ጠብ አይደለም። ልጁ ከሚፈራው ሰው ፊት ተቀምጦ እውነቱን አይናገርም፤ ከቢሮ ሲወጡ ደግሞ ሒሳብ ይወራረድበታል።

እኔ ብዙ ተስፋ የማደርገው በሚያዩት ልጆች ላይ ነው። ፊንላንድ ውስጥ ክርስቲና ሳልሚቫሊና ባልደረቦቿ በቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጁት ኪቫ የሚባል ፕሮግራም ዋና ትኩረቱ እነሱ ናቸው። ምክንያቱም አሸማቃቂው የሚኖረው በተመልካች ሳቅ ነው። ካናዳ ውስጥ የትምህርት ቤት ግቢን በካሜራ ቀርጸው የተመለከቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፣ ሌላ ተማሪ ጣልቃ በገባባቸው አጋጣሚዎች ከግማሽ በሚበልጡት ድርጊቱ በ10 ሴኮንድ ውስጥ ቆሟል። ስለዚህ ርዕሰ መምህሯን ስታገኚ ስለ ቅጣት ብቻ አታውሪ። በእረፍት ሰዓት ሽንት ቤቱ አካባቢ ማን ይቆማል? ግሩፑ ውስጥ ስቲከሩን የማይልኩት ልጆች እነማን ናቸው? እነሱን ለብቻ የሚያናግር መምህር አለ? ብለሽ ጠይቂ።

ስለ ንባቡም አንድ ሐሳብ አለኝ። የሚንተባተቡ ሰዎች ከሌላ ሰው ጋር እኩል ሲያነቡ ብዙውን ጊዜ ቃሉ ይፈታላቸዋል። እሱ ከፈለገ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚያነቡበትን መንገድ መምህሩ ለክፍሉ በሙሉ ማድረግ ይችላል፤ ለእሱ ብቻ የተደረገ አይመስልም። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ከተገኘም ጥሩ ነው። ግን ልጁ «የምሰደበው ስላልታከምኩ ነው» ብሎ እንዳያስብ ሁለቱን ጉዳይ ለያዪለት።

ሥዕሉን ትቷል ያልሽው ግን ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል። የሚወዱትን ነገር መተው፣ የሆድ ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት የድብርትና የጭንቀት ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ሆዱንም እያስመሰለ እንዳይመስልሽ፤ የእውነት ያመዋል። ለብቻችሁ ስትሆኑ «መሞትን አስበህ ታውቃለህ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂው። መጠየቅ ሐሳቡን ልጅ ጭንቅላት ውስጥ አይከትም። እንዲያውም ብቻውን የተሸከመውን የሚያወርድበት በር ይከፍታል።

ያለፍኩበት፦

እናቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እባክዎ ስልኩን እንዳይቀሙት። እኔ 9ኛ ክፍል ሳለሁ ስለ ሰውነቴ ይጽፉብኝ ነበር። ለቤተሰቤ ያልተናገርኩት ስልኬን ይወስዱብኛል ብዬ ነው። የቀሩኝ ሁለት ጓደኞች እዚያ ውስጥ ነበሩ። ልጁ ምንም ሳያጠፋ የተቀጣ ይመስለዋል።

ያተረፈችኝ አንዲት የክፍሌ ልጅ ናት። ከማንም አልተጣላችልኝም። ዝም ብላ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ በማግስቱም ደገመችው። አብሬያት የምስቅ ሰው ሳገኝ የእነሱ ሳቅ እንደ በፊቱ አልጎዳኝም። ልጅዎ ከክፍሉ የሚቀርበው አንድ ልጅ ካለ ቤት ይጋብዙት። ስለ ጉዳዩ አያውሩ፣ ብቻ ይምጣ።

ለሦስቱ ወንዶች አባት፦ እኔም «ጠንካራ ሁኚ» ተብዬ ነበር። የገባኝ «ከእንግዲህ እንዳትነግሪኝ» የሚል ነው።

የሦስት ወንዶች አባት፦

በዚህ በኩል አላየሁትም ነበር። ልጆቼን ዛሬውኑ እጠይቃለሁ፤ ተጎዳችሁ ወይ ብቻ ሳይሆን፣ ሌላ ልጅ ሲሸማቀቅ እያያችሁ ምን ታደርጋላችሁ ብዬም።

የጨነቃት እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ መብራት አጥፍቼ አጠገቡ ጋደም ብዬ ጠየቅኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «አንዳንዴ ጠዋት ባልነቃ እላለሁ» አለኝ። አላለቀስኩም፤ አቅፌው ተኛሁ። አሁን ምን ላድርግ?

የትምህርት ቤት ካውንስለር፦

እንኳን ጠየቅሽው። እንኳንም ነገረሽ። ደብዳቤው ይቆይ፤ የዛሬ ሥራሽ እሱ ብቻ ነው። ዛሬውኑ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ይዘሽው ሂጂ፤ ካልተገኘ በቅርብ ያለ ሐኪም ጋ። ያለሽን ቃል በቃል ንገሪያቸው፣ አታለሳልሺው። ባለሙያ እስኪያየው ብቻውን አይሁን። ቤት ውስጥ ያለ መድኃኒትና ሊጎዳው የሚችል ነገር ሁሉ ተቆልፎ ይቀመጥ። «ራሴን አጠፋለሁ» ካለ፣ ወይም እንዴት እንደሚያደርገው ካሰበ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

አባቱንም አስረጂውና አብሯችሁ ይሂድ። ለጊዜው ስለ ቡጢ አያውራ። ልጁ ከትምህርት ቤት ጥቂት ቀን መቅረት ካስፈለገው ባለሙያው ይወስን፤ ከክፍል መቅረቱ አሁን አያስጨንቅሽ። ሄዳችሁ ስትመለሱ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ደብዳቤውን አብረን እናረቅቃለን።