ጀማሪ ልጅ በ«አርቲኤፍኤም» ምክንያት ከግሩፓችን ወጣች፤ ይህን ቋንቋ ምን እናድርገው?

ቦርከና ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ኮምቦልቻ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ፕሮግራሚንግ ለሚማሩ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተናል። አብዛኞቹ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ናቸው። ላፕቶፕ አጥተው ኮድ በስልክ የሚጽፉም አሉ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ጥያቄ ጻፈች። ሊኑክስ በሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ የሠራችው ትንሽ ሰርቨር ከተዘጋም በኋላ ፖርቱን፣ ማለትም መልእክት የሚቀበልበትን ባለቁጥር በር፣ አልለቅ ብሏታል። እንደገና ልታስነሳው ስትሞክር «አድራሻው ተይዟል» ይላታል። ሁለት መልስ መጣላት። አንዱ «ቻይልዱን ኪል አድርጊውና ዲመኑን ሪስታርት በይ» አላት። ሌላው «አርቲኤፍኤም» ብሎ አለፈ። ማታ ስገባ ልጅቷ የለችም።

በውስጥ መስመር ጻፍኩላት። የመጀመሪያው መልስ ጭራሽ አልገባትም። ሁለተኛውን ጎግል ላይ ፈልጋ «ያንን የተረገመ ማኑዋል አንብቢ» ማለት እንደሆነ አየች። «ኤፍ»ዋ ደግሞ ከ«የተረገመ» የባሰች ናት። «ስድብ ልሰማ አልነበረም የገባሁት» አለችኝ። የጻፈውን ልጅ አውቀዋለሁ፤ ክፉ አይደለም። እሱም ሲጀምር ከውጭ ሰዎች ይህንኑ እየተባለ ነው የተማረው። ግን ጉዳዩ እንቅልፍ ነሳኝ።

እነዚህን ቃላት ከግሩፑ ብናግድስ? የሞከረ ካለ ይንገረኝ።

የጦሳ ልጅ፦
ወንድሜ፣ አታግድ። እኔ ደሴ ሆኜ ለኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት ለሆነ) ፕሮጀክት ኮድ እልካለሁ። የመጀመሪያ ጊዜ ሰባት አስተያየት መጣልኝ፤ ሁሉም የሚጀምሩት «ኒት» በሚል ቃል ነው። መዝገበ ቃላት ሳይ ቅጫም ይላል። ኮዴን ቅማላም ያሉት መስሎኝ ሁለት ቀን ላፕቶፑን አልከፈትኩም። ኋላ ስጠይቅ «ኒት» ማለት «ጥቃቅን ነገር ናት፣ ብታስተካክላት ጥሩ፣ ባታስተካክላትም ኮድህ ያልፋል» ማለት ነው። በአንድ ቃል አብሽር እያሉኝ ነበር! ቃሉ ባይኖር ሰባቱንም እንደ ከባድ ስህተት እቆጥራቸው ነበር። ያኔ ፍቺውን የሚነግረኝ አንድ ሰው ባገኝ ኖሮ ሁለት ቀኔን አላጣም።

ሐይቅ መንገድ፦
ማኑዋል ማንበቡ ግን ግድ ነው። ስድቡን ትታችሁ የትኛው ገጽ እንደሆነ ሊንኩን ላኩላት። ልጆቹ በጥቅል በገዙት ዳታ ነው የሚያነቡት። መቶ ገጽ እንዲያስሱ መስደድ ብራቸውን ማቃጠል ነው።

መምህሩ ከደሴ፦
ልጄ፣ ስለ ልጅቷ ማሰብህ ደስ ብሎኛል። ደሴ ላይ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። «ሀክ» (የብልሃት ሥራ) የሚለውን ቃል ያስለመዱት፣ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የባቡር ሞዴል ክበብ ልጆች ቃላቸውን አልደበቁም። ከመካከላቸው ፒተር ሳምሰን እ.ኤ.አ. በ1959 መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። በ1975 ደግሞ ራፋኤል ፊንከል ስታንፎርድ ላይ «ጃርጎን ፋይል» የሚባለውን የፕሮግራመሮች ቃላት ስብስብ ጀመረ፤ ሌሎችም እየጨመሩበት ሄዱ። እናንተም ጻፉት።

እኔ እንዲህ ነው የማስረዳው። ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ሌላ ፕሮሰስ ሲወልድ ወላጅና ልጅ («ቻይልድ») ይባላሉ። ወላጁ ቀድሞ ከሞተ ልጁ «ኦርፋን» (ወላጅ አልባ) ይሆናል፤ ሊኑክስ ብዙ ጊዜ ለ1 ቁጥሩ ፕሮሰስ በማደጎ ይሰጠዋል። የልጅቷ ችግር ይህ ይመስለኛል። ወላጁ ሞቷል፣ ልጁ ፖርቱን ይዞ ቀርቷል። «ዞምቢ» ደግሞ ራሱ ሞቶ መርዶው ለወላጁ ያልደረሰ ነው። ወላጁ መርዶውን እስኪሰማ ስሙ ከመዝገብ አይፋቅም። በመርዶ ማስረዳት ከጀመርኩ ወዲህ የረሳ ተማሪ አላየሁም። «ኪል» የሚባለው ትእዛዝም ስሙ ነው የሚያስፈራው። ቁጥር ካልጨመሩበት «እባክህ ጨርስና ውጣ» የሚል መልእክት ነው የሚልከው። 9ን ሲጨምሩበት ልመናው ይቀራል።

«ዲመን»ን ግን ጋኔን ብላችሁ እንዳትተረጉሙት። እ.ኤ.አ. በ1963 ኤምአይቲ ላይ ስሙን ያወጡት ከፊዚክሱ ከማክስዌል ዲመን (ሞለኪውሎችን ከሚለይ ምናባዊ ፍጡር) ወስደው ነው። ሳይታይ ከበስተኋላ የሚሠራ ማለታቸው ነው። አንዲት ተማሪዬ በስልክ «ጋኔኑን አስነሳው» ስትል እናቷ ሰምተው በጣም ደንግጠው ነበር።

ቦርከና ዳር፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የጻፉትን እንዳለ ላክሁላት። ትናንት ማታ መለሰችልኝ። ፖርቱን ይዞ የቀረውን ልጅ ፕሮሰስ አገኘችው፤ ያለ 9 ወጣ፣ ፖርቱም ተለቀቀ። «አርቲኤፍኤም» ያላት ልጅም ይቅርታ ጽፎላታል። የቃላቱን ፍቺ ግሩፑ ላይ ፒን አድርገናል። የከለከልነው «አርቲኤፍኤም»ን ብቻ ነው፤ በእሱ ፈንታ ገጹን ከነሊንኩ መስጠት ነው።

ልጅቷ ስትመለስ ሌላ ጥያቄ ይዛ መጣች። ፕሮሰስ ሲወልድ «ፎርክ» የሚሉት ለምንድን ነው፣ ሹካ ነው? አለች። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ እኛው ከተማ ላይ ለሁለት ይከፈል የለ? አልኳት። አንዱ ወደ ደሴ ይወጣል፣ አንዱ ወደ ባቲ ይወርዳል። እስከ ኮምቦልቻ ያለው ግን የሁለቱም ነው።